ቤቱ ሳይፈረም ካርድ የለም

ውድ ልጄ ሜሮን፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት እንደምታውቂው ነው፤ ብርድ ሲሆን ያማታል፣ እንግዳ ሲመጣ ይተዋታል።

ይህን የምጽፍልሽ ወንድምሽ እሁድ ደውሎ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። መርከብ መሳፈራችሁ አይደለም፤ እሱንስ ደስ ብሎኝ ሰማሁ። ዳዊት ዓመቱን ሙሉ የሌሊት ፈረቃ ሲሠራ ከረመ፣ ልጆቹም ዕረፍት ይገባቸዋል፤ ሂዱ። ያስጨነቀኝ የመርከብ ኩባንያው በስምሽ ላከው የተባለው የክሬዲት ካርድ ግብዣ ነው። «ነጥብ ትሰበስብበታለች፣ ነጥቡ መርከብ ላይ ገንዘብ ይሆናል» አለኝ ወንድምሽ፣ ትልቅ የምሥራች እንደሚያበሥር ሰው። የማስታወቂያውንም ፎቶግራፍ ላከልኝ። መነጽሬን አድርጌ በትልቁ የተጻፈውን ዘለልኩና ከግርጌው በትንንሹ የተጻፈውን አነበብኩ።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ የቀረውን ባታነቢውም አልቀየምሽም። በብድር የምትገዙት ቤት ውል ሳይፈረም ምንም ዓይነት ካርድ እንዳትከፍቺ። አበዳሪው «ፈቅጃለሁ» ካለ በኋላም ቢሆን ከፊርማው በፊት የክሬዲት ታሪክሽን፣ የብድርና የአከፋፈል መዝገብሽን ማለቴ ነው፣ ዳግመኛ ያያል። ካርድ ስትጠይቂ ጥያቄው ራሱ ይመዘገባል፣ መዝገቡም ሁለት ዓመት ይቆያል። የክሬዲት ውጤትሽን የሚቀንሰው ጥቂት ነው ይሉሻል። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። ነገር ግን 30 ዓመት በሚከፈል የቤት ብድር ላይ ጥቂት የሚባል የወለድ ልዩነት የለም። ከዚያም በላይ፣ አዲስ ሒሳብ ያየ አበዳሪ ማብራሪያ ይጠይቃል፣ ወረቀት አምጡ ይላል፣ ቀኑ ይራዘማል። እናንተ ደግሞ የተከራያችሁትን ቤት እለቃለሁ ብላችሁ አስታውቃችኋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። በልጅነትሽ የሒሳብ ደብተርሽን እኔ ስለማርም ትቆጪ ነበር፤ ዛሬም ታገሺኝ።

ጉዞው ለአራታችሁ ለ7 ሌሊት 4,000 ዶላር ገደማ ነው ብለሽኛል። በወረቀቱ መሠረት ለኩባንያው በምትከፍዪው እያንዳንዱ ዶላር 2 ነጥብ፣ በሌላ ግዢ ሁሉ 1 ነጥብ ታገኛለሽ፤ 10,000 ነጥብ ሲሞላ መርከብ ላይ 100 ዶላር ይሆናል። እንግዲህ 4,000 ዶላርሽ 8,000 ነጥብ አመጣ፤ 80 ዶላር ማለት ነው። ቦርሳሽ ውስጥ ያለው ሲቲ ደብል ካሽ የሚባለው ክሬዲት ካርድስ? ስትገዢ 1 በመቶ፣ ስትከፍዪ ሌላ 1 በመቶ ይመልሳል፤ ዓመታዊ ክፍያም የለውም። በ4,000 ዶላር ላይ ያው 80 ዶላር ነው። ልዩነቱ የዚህኛው 80 ዶላር በርበሬ ይገዛበታል፣ የመብራት ይከፈልበታል። የዚያኛው ከመርከቡ ሲወርዱ ዋጋ የለውም።

ኩባንያው ጎበዝ በሆነበት ቦታ እንኳ እኩል ነው የወጡት፤ ሌላውን ተይው። ለአስቤዛና ለቤንዚን በዓመት 20,000 ዶላር ብታወጪ የእሱ ካርድ 200 ዶላር የመርከብ ገንዘብ ይሰጥሻል፣ ያንቺው ካርድ 400 ዶላር ጥሬ ገንዘብ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው።

ካርዱ ደግሞ የመርከብ ኩባንያው እንዳይመስልሽ። የመርከብ ኩባንያዎቹን የሮያል ካሪቢያንንም የኖርዌጂያንንም ስም የያዘውን ካርድ የሚያወጣው ባንክ ኦፍ አሜሪካ ነው። በፊቱ ላይ መርከብና ሰማያዊ ባሕር ቢሳልበትም ከጀርባው ያለው ባንክ ነው፤ ባንክም የሚኖረው በወለድ ነው። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ፣ የሚያወጣው የክሬዲት ካርድ አማካይ ዓመታዊ ወለድ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 4,000 ዶላሩን በ21 በመቶ አሳድረሽው ብትመለሺ የአንድ ወር ወለዱ ብቻ 70 ዶላር ነው። የለፋሽበት ነጥብ 80 ዶላር ነበር። ሁለተኛው ወር ሲገባ ለእነሱ እየሠራሽ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ዝቅተኛውን ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ብትከፍዪ ዕዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ በየወሩ በሚመጣው ወረቀት ላይ እንዲጽፉ አስገድዷቸዋል። ያቺን ሣጥን ዳዊትም ያንብባት፤ እሱ ፖስታ ሳይከፍት ነው የሚጥለው።

በመርከብ ላይ ስለሚከፈል ገንዘብ እኔን ጠይቂኝ። ዛሬ ሰዎች ለመሳፈር የሚከፍሉበትን ነገር እኔ ተከፍሎኝ ኖሬበታለሁ፤ ያውም ከውኃው በታች፣ በሞተር ክፍል። አንቺ ግን የምትወጂው የሻርኩን ታሪክ ስለነበር የደብተሩን አጫውቼሽ አላውቅም።

በኛ መርከብ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ አያልፍም ነበር። ሲጋራ፣ ቢራ፣ ሳሙና፣ ምላጭ ከመርከቡ ካንቲን በፊርማ ነበር የምንወስደው። ካንቲኑ መስኮት ላይ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበረ፤ እርሳሱ እንዳይጠፋ በሲባጎ ታስሯል። ሰውየው ጠርሙሱን ያወጣል፣ አንተ ትፈርማለህ፣ አለቀ። ከወሎ የመጣ፣ አዲስ የተቀጠረ ወጣት ከኔ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛ ነበር። ሳቂታ፣ ለጋስ ልጅ ነበር፤ ሁሉንም ይጋብዛል። «ገንዘብ አላወጣሁም እኮ፣ ፈርሜ ነው» ይላል። ለእናቱ ቤት ቆርቆሮ ሊገዛ ነበር የተቀጠረው። አሰብ ተመልሰን ደመወዝ ስንቀበል ሒሳቡ የተሠራበትን ወረቀት ሰጡት። አየው። ከዚያ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ የቀረው ገንዘብ እዚያ የተጻፈ መስሎት። ማንም አልሳቀበትም፣ ሁላችንም ከደብተሩ ውስጥ ነበርንና። እኔም የጠጣሁት የእሱን ቢራ ነው። በቀጣዩ ጉዞ ወቅት ቆርቆሮው ተገዛ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር፤ እሱ ግን ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሮ ነበር፣ ዳግመኛ አላየሁትም። ስሙ እስከ ዛሬ ጸሎቴ ውስጥ አለ። እናትሽ ማን እንደሆነ ስትጠይቀኝ ዘመድ ነው እላታለሁ።

የእናንተም መርከብ እንደዚያው ነው፣ የጎደለው እርሳሱ ብቻ ነው። ስትሳፈሪ የክፍሉን ካርድ ይሰጡሻል፣ ካርዱ ከክሬዲት ካርድሽ ጋር ይታሰራል፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ገንዘብ አታዪም። እና ነጥቡን ለምን በጥሬ ገንዘብ የማይሰጡሽ ይመስልሻል? 80 ዶላር «ነፃ» ያገኘ ሰው 80 ዶላር አውጥቶ አይቆምም። ያልተጠቀሙበት ደግሞ ብዙ ጊዜ በመጨረሻው ሌሊት ይጠፋል፤ ሰዉም እንዳይጠፋበት ብሎ የማይፈልገውን ሰዓትና ሽቶ ይገዛል።

ቤቱ ሳይፈረም ካርድ እንዳትከፍቺ ብያለሁ። ደግሜ የምለው እንደ አባትሽ ግትር መሆንሽን ስለማውቅ ነው።

ፍርደ ገምድል ግን አልሁን። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተባለውን ያህል ካወጣሽ 30,000 ነጥብ ይሰጣሉ ይላል ወረቀቱ፤ 300 ዶላር ነው። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ካርዱም ዓመታዊ ክፍያ የለውም፣ በውጭ አገር ለሚደረግ ግዢም ተጨማሪ አያስከፍልም። ያቺ የሥራ ባልደረባሽ፣ በየዓመቱ በዚያው ኩባንያ መርከብ የምትሄደው፣ ዕዳዋን ወሩ ሳያልቅ ጥርግ አድርጋ የምትከፍል ከሆነች ብትይዘው አልፈርድባትም። ለኩባንያው የምትከፍለውን በእሱ፣ የቀረውን በሌላው ብታደርግ ያዋጣታል። አንቺ ግን በሕይወትሽ የመጀመሪያ ጉዞሽ ነው። መርከቡን ትወጂው እንደሆነ አታውቂም፤ ሆድሽ ይገለበጥ እንደሆነም አታውቂም፣ እኔ ለወራት ተገልብጦብኛል። እ.ኤ.አ. በ2024 ባልቲሞር ላይ ድልድዩ ሲወድቅ እዚያ የሚቆሙት የሽርሽር መርከቦች ወደ ኖርፎክ ተዛውረው አልነበር? ከቤትሽ ግማሽ ሰዓት የነበረው መርከብ የሰዓታት መንገድ ሆነ። በአንድ ኩባንያ ነጥብ የታሰረ ሰው ወደ ሄደበት ይከተለዋል፣ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ግን ሌላ ይመርጣል። ሁለተኛ ጉዞ ካሰባችሁ፣ ቤታችሁ ገብታችሁ ከረማችሁ፣ ያኔ እንነጋገርበታለን። እስከዚያ በዕቁቡ ገንዘብ ክፈዪው። የጥር ወር ዕጣ ያንቺ ነው አይደል?

እነዚህን ደግሞ ወረቀት ላይ ጻፊና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊ።

ስትሳፈሪ የባንክ ዴቢት ካርድሽን እንዳትሰጪያቸው። ላላወጣሽው ገንዘብ ሁሉ አስቀድመው መያዣ ያደርጉበታል፣ ለቤት ኪራይ ያስቀመጥሽው ይታገታል። ያንኑ ሲቲ ካርድ ስጪ። የልጆቹ ክፍል ካርድ ግዢ እንዳይፈጽም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሠራተኞች ንገሪያቸው፤ ናታን እንደ አጎቱ ነው፣ ጨዋታ ማሽን ካየ አይመለስም። የአገልግሎት ጉርሻ የሚሉት በየቀኑ በነፍስ ወከፍ አለ፣ ብዙ ጊዜ ልጅ አዋቂ ብሎ የማይለይ። በቀን 18 ዶላር ቢሆን ለአራት ሰው ለ7 ሌሊት ከ500 ዶላር በላይ ነው፤ ከ4,000 ዶላሩ ውስጥ መሆኑን ጠይቂ፣ ካልሆነ አስቀድመሽ ክፈዪ። ስልኮቻችሁን ገና ከወደቡ ሳትርቁ የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርጉ። ማታ ማታ ሒሳባችሁን እዩ፤ በመጨረሻው ጧት ለሚነሣ ክርክር ሰልፉ ረጅም ነው፣ የሚሰማሽም የለም። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውን ያዢ። ማስመለስ የሚከላከል መድኃኒት ዛሬውኑ ግዢ፤ መርከብ ላይ ዋጋው ሌላ ነው። ዝንጅብልም ያዢ።

በጣም ተቆጣሁ መሰለኝ። እናትሽ «ልጅቷ ሽርሽር ልትሄድ ነው፣ አንተ እስር ቤት የምትገባ አስመሰልከው» አለችኝ።

እሷም የራሷ ነገር አላት። የመርከቡን ሥዕል አሳየኋትና ዝም ብላ ቆየች። የአሰቡን ታውቂዋለሽ፤ እሷ ስትነግርሽ እያሳቀች ነው የምትነግርሽ፣ እኔ እንደዚያ አይደለም የማስታውሰው። አንቺን አርግዛ ከአዲስ አበባ በኮምቦልቻ፣ በባቲ፣ በሚሌ አድርጋ በዚያ ሙቀት መጣች። በአገልግል ድፎ ዳቦ ይዛ፣ የምሠራበትን መርከብ አያለሁ ብላ። የወደቡ በር ላይ ጥበቃው ፈቃድ አምጪ አላት። እኔ ታች ነበርኩ፤ ማንም የነገረኝ የለም። በማግስቱ መልሕቃችንን አንሥተን ሄድን። በሩ ላይ ቆማ የነበረችው ነፍሰ ጡር እሷ መሆኗን የሰማሁት ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ያውም ከሌላ ሰው አፍ ነው። ዳቦውን ለጥበቃው ሰጥታው ተመለሰች። ይህን ነው የማልችለው፤ ለከለከላት ሰው። «በሚቀጥለው አሳይሻለሁ» አልኳት። የሚቀጥለው ሳይመጣ እኔ ከመርከብ ወረድኩ፣ እዚህ አገር ገባን። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ አሰብ ለኢትዮጵያ ጭራሹን ተዘጋ፣ ዕቃውም በአብዛኛው በጅቡቲ ሆነ። እዚህ ከመጣንም የመኪና ማቆሚያው ሥራ፣ የእናንተ ትምህርት፣ የሷ ጉልበት። መርከብ ላይ ሳትወጣ ይኸው ስንት ዓመት።

ስለዚህ «ኑ አብረን እንሂድ» ስትዪን እምቢ ያልኩትን ተይው። ለእናትሽ ክፍል ያዢላት፣ በረንዳ ያለው ይሁን፣ ከሊፍቱ ያልራቀ። ዋጋውን እኔ ነኝ የምከፍለው። ጠይቄ እንደተረዳሁት አንድ ሰው ብቻውን ክፍል ቢይዝም ብዙ ጊዜ የሁለት ሰው ያህል ያስከፍላሉ። ከሆነማ ሁለተኛው አልጋ ባዶውን ከሚከፈልበት የእኔን ስም ጻፊበት። የልደት ቀኔን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፊ እንጂ ቤት ውስጥ እንደምናከብረው አይሁን።

ቼኩን ሐሙስ ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። እስኪደርስሽ ጠብቂ፤ ነጥብ ይገኝበታል ብለሽ በአዲስ ካርድ እንዳትከፍዪልኝ።

አባትሽ