ኮሚቴ ፊት ስለቆመው ልጅ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማስ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ከተጠፋፋን ስንት ዘመናችን! እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትልቋ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ገባች።

እኔ አሁንም እዚያው ኮሌጅ አስተምራለሁ። አምና የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል አደረጉኝ። የምጽፍልህም በዚሁ ጉዳይ ነው። ጠበቃ ወዳጅ እያለኝ ማንን ላማክር?

የዶርም ጠብና ስርቆትም ይመጣልናል፣ አብዛኛው ግን ኩረጃ ነው። በ2015 የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ አስተማሪው ሁሉ ኩረጃ ላይ ጨክኗል። ደግሞም ልክ ነው። አጤሬራ ይዞ ያለፈ ልጅ እዚያ ሲደርስ ባዶውን ነው የሚቀመጠው። በ2008 የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ የተሰረዘ ጊዜ ደህና ያጠኑት ልጆች እንዴት እንዳለቀሱ አልረሳውም። ስለዚህ ያጠፋ ይቀጣ። የኔ ጥያቄ አቀጣጡ ላይ ነው።

በቀደም አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ቀረበ። ካልኩሌተሩ ክዳን ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ቀመር ተገኝቶበት ነው። እኛ አምስታችን ተቀምጠናል፣ እሱ ቆሟል። ወንበር ያቀረበለት የለም። ሰብሳቢው ክዳኑን አንስቶ «ያንተ ነው አይደል?» አለው። «አዎ» አለ። በቃ፣ ውጣ ተባለ። የፈታኙን ሪፖርት እንኳ አላሳዩትም። ያ ቀመር ፈተናው ላይ ይኑር አይኑር ያየም የለም። ደንባችን ለመጀመሪያ ጥፋት የሚለው በኮርሱ ኤፍ እና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። የተወሰነበት ግን የአንድ ዓመት እገዳ። «ለሌላው መቀጣጫ ይሁን» አሉ። አራት ለአንድ ተረታሁ፤ የልዩነት ሐሳቤን ቃለ ጉባኤው ላይ አስፍሬያለሁ።

ከዚያ ስሙን ከነመታወቂያ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። አንዱ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። አባቱ ገጠር ያሉ ገበሬ ናቸው። ልጁ ደብዳቤውን ሳይቀበል ወሬው እሳቸው ጋ ደረሰ! ደብዳቤው ስለ ይግባኝ አንዲት መስመር የለውም። እኔ ጠርቼ ነገርኩትና ቀኑ ሳያልፍበት አስገባ። እስካሁን መልስ የለም። ዶርሙን አስረክቦ ዘመድ ቤት ተጠግቷል። ትምህርቱ እየሄደ ነው። ነገ «ቅጣትህ ተሽሯል» ቢሉት ያለፈውን ሴሚስተር ማን ይመልስለታል?

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማስረጃ የማየት መብት አለው ይላል። ያ ለወንጀል ክስ ነው ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ ግን ሌባ ፍርድ ቤት የሚያገኘውን ተማሪ በኮሌጁ ለምን ይነፈጋል? አዋጅ 1152/2011 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የራሳቸውን ደንብ የማውጣት ነፃነት ሰጥቷቸዋል። ታዲያ ያወጡትን ደንብ ራሳቸው ካላከበሩት ተማሪውን አክብር የሚሉት በምን አፋቸው ነው?

አሁን ደንቡ ሊሻሻል ስለሆነ ረቂቁን ቴሌግራም ላይ ልኬልሃለሁ። ክሱ ቀድሞ በጽሑፍ ይድረሰው፣ ይግባኙ በ15 ቀን ይወሰን፣ እስከዚያ ክፍል ይግባ፣ ስሙም አይለጠፍ ብዬ ጨምሬበታለሁ። ዶርም ውስጥ ሰው ለደበደበ ልጅ ግን «ክፍል ይግባ» ማለቱ ከብዶኛል። ለሱ የተለየ አንቀጽ ያስፈልግ እንደሆነ አንተ ንገረኝ። የሕግ አጻጻፉንም አቃናልኝ። አካዳሚክ ኮሚሽኑ ከፋሲካ በፊት ስለሚሰበሰብ ቶሎ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ባለቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ።

ወንድምህ