ለልጄ፦ ክረምቱን መጥተሽ ደሴን ሳዪ

እንዴት ነሽልኝ የኔ ሆድ፣ እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽም ጉልበቷ ትንሽ ተሽሏታል፣ ጎረቤቱም ሰላም ነው፣ ሁሉም ስላንቺ ይጠይቃል።

ባለፈው የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ለስዕል ትምህርት ቤት መመረቂያ ስራዬ ርዕስ አጣሁ፣ ጓደኞቼ ሁሉ ትልልቅ ሀሳብ ይዘዋል፣ እኔ ብቻ ቀረሁ ብለሻል። ደውዬ ላወራሽ ነበር ግን ስልክ ላይ ሀሳቤ ይበታተናል፣ ኔትወርኩም እንደምታውቂው ነው፣ ስለዚህ ሱቅ ቁጭ ብዬ ቴሌግራም ላይ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ደንበኛ ሲመጣ አቋርጣለሁ ሲሄድ እቀጥላለሁ፣ እንደመጣልኝ ነው ምጽፈው።

ስሚማ፣ እዚህ አንድ ሰዓሊ ልጅ አለ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው ሱቅ መምጣት የጀመረው። መጀመሪያ ያልተሰመረበት ደብተር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ ጋ ያለው ያው የተማሪ ደብተር ነው፣ ኤፎር ወረቀት ሰጠሁት፣ እሱን ለሁለት አጥፎ መሀሉን በመርፌና በወፍራም ክር ሰፍቶ የካርቶን ሽፋን ለጥፎበት ደብተር አደረገው። እርሳስ ብዙም አይገዛም፣ ስክሪብቶ ነው ሚወስደው። ለምን ብዬ ስጠይቀው እርሳስ ከያዝኩ ላጲስ ያምረኛል፣ ላጲስ ላነሳ ስል ሰውየው ይሄድብኛል አለኝ። መስመሩ ካልሆነለት አያጠፋውም፣ አጠገቡ ሌላ ያሰምርበታል፣ ሁለቱም እዛው ይቀመጣሉ፣ ታዲያ ስታዪው ሰውየው የተንቀሳቀሰ ነው ሚመስለው። እኔ ይሄን ስክሪብቶ ስንት ዓመት ስሸጥ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የሚስለው መንገዱን ነው በቃ። ፒያሳ ያሉትን ሊስትሮዎች፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች፣ ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች፣ ማታ ማታ በቆሎ የምትጠብሰዋን ልጅ፣ ጀበና ቡና ቤት በር ላይ የሚያወሩ ሽማግሌዎችን። ከሌላ አገር የሚመጣው ሁሉ የንጉሥ ሚካኤልን አይጠየፍ አዳራሽ ነው ፎቶ ሚያነሳው፣ ይሄ ልጅ ግን በሩ ጋ የተቀመጠውን ሰው ነው ሚስለው፣ አዳራሹ ከኋላ በትንሽ መስመር ይገባል።

አንድ ነገር በደንብ ልንገርሽ ምክንያቱም በአይኔ ያየሁት ነው። እኔ ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ እያለ አንድ ሰውዬ ጤፍ በማዳበሪያ ተሸክሞ ዳገቱን እየወጣ ነበር። ልጁ የጀመረው ከእግሩ ነው። የኋላው እግር ተረከዙ ከመሬት ተነስቷል፣ የፊተኛው ጉልበቱ ታጥፏል፣ ሁለቱን ሰራና ከዛ ወገቡን በአንድ መስመር አጎበጠው፣ ማዳበሪያውን ጫነበት፣ አንድ እጁ ከላይ የማዳበሪያውን ጫፍ ጨብጧል ሌላኛው ጉልበቱን ተደግፏል፣ አበቃ። ፊቱን አልነካውም። ሰውየው ጥጉን ሳይዞር ስዕሉ አልቋል። እኔ ሳየው የሚተነፍስ ነው የመሰለኝ፣ ፊት የሌለው ሰው መድከሙ እንዴት እንደሚታወቅ ገርሞኝ ዝም ብዬ ቆየሁ። ክብደቱ የትኛው እግር ላይ እንዳረፈ ካወቅክ ሌላው ይመጣል አለኝ።

ደግሞ ደሴን አስቢያት እስኪ፣ ሜዳ የት አለና! ሰው ወይ እየወጣ ነው ወይ እየወረደ ነው፣ ሲወጣ ያጎነብሳል ሲወርድ ወደኋላ ይላል፣ ቆሞ ሲያወራ እንኳ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው። ልጁ ይሄን ሲያስረዳኝ የነገረኝ አለ፣ አንቺ ፐርስፔክቲቭ፣ ያው ቅርብና ሩቁን በመስመር ማሳየቱን፣ ስለተማርሽ ከኔ ይበልጥ ይገባሻል፣ የቤቶቹ ጣራና መስኮት መስመር ሁሌ ወደ አይንሽ ከፍታ ነው ሚሄደው፣ ዳገት የሆነ መንገድ ግን ጠርዞቹ የሚገናኙት ከዛ ከፍ ብሎ ነው፣ ቁልቁለት ከሆነ ደግሞ ዝቅ ብሎ። ሜዳ ከተማ እንደሚስሉት ሁሉንም አንድ ነጥብ ላይ ካገናኘሽው ደሴ ደሴ አትሆንም፣ መንገዱ ተኝቶ ይቀራል። እኔ ይሄን ከሰማሁ ጀምሮ ወደ ሸዋ በር ስሄድ መንገዱንና ቤቶቹን እያስተያየሁ ነው ምሄደው፣ እውነቱን ነው።

ጉሙም አለልሽ። ከተማችን 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ክረምት ላይ ጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቀው መንገዱ ማዶ ያለው ሰው ይጠፋል። ያን ጊዜ ሌላው ሰው ቤቱ ይገባል፣ ልጁ ግን ደብተሩን ይዞ ይወጣል። ቅርብ ያለውን በጥቁር በደንብ ይሰራዋል፣ ሩቅ ያለውን ይተወዋል፣ ባዶው ወረቀት ራሱ ጉም ይሆናል። አንድ ጋቢ የለበሱ ሰውዬ ብቻቸውን ከነጭ ውስጥ የሚመጡበት ስዕል አለው፣ እናትሽ አይታው አባቴን ነው የመሰሉኝ ብላ እንባዋ መጣ።

ሰው ላይ ድፍረት የለውም፣ ይሄን ነው በጣም ምወድለት። ሸዋ በር አካባቢ አንድ አዛውንት ፊቴን ተወው ልጄ አሉት፣ ወዲያው ስክሪብቶውን አነሳ፣ ትንሽ አሰቡና ከጀርባዬ ከሆነ ሳል አሉት፣ ከጀርባ ሳላቸው። አትሳለኝ ያለችውን ሴት እሺ እናቴ ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ምንድነው ምትስለው ብለው ጠበቅ አድርገው የጠየቁት ሰዎች ነበሩ፣ ጊዜው እንደምታውቂው ነው፣ አልተቆጣም አልሸሸም፣ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገልጦ አሳያቸው፣ መጨረሻ ላይ አንዱ እኔንም ሳለኝ አለው። አንቺም መንገድ ላይ ስትወጪ እንዲሁ አድርጊ፣ ተደብቀሽ አትሳዪ።

እያንዳንዱ ስዕል ጥግ ላይ ቀኑንና ቦታውን ይጽፋል። ይሄ ደግሞ የሱ ብቻ አይደለም፣ በዓለም ላይ እንዲህ መንገድ ላይ ወጥተው የሚስሉ ሰዎች ማህበር አላቸው፣ ኧርባን ስኬቸርስ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያትል ውስጥ ጋብሪኤል ካምፓናሪዮ የሚባል የጋዜጣ ሰዓሊ ነው የጀመረው፣ ደንባቸው ቦታው ላይ ሆነህ ያየኸውን በእውነት ሳል፣ ጊዜውንና ቦታውን መዝግብ ነው ሚለው። አንቺ ሰምተሽው ይሆናል።

እኔ ግን ይሄ ነገር ከሩቅ የመጣ ነው ብዬ አላምንም። ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል አለ፣ ውስጡ የራሳቸው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ምስል ተስሏል። አስቢው፣ ከቅዱሳን ምስል ጋር አብሮ፣ መጽሐፉ በተሰራበት ዘመን የነበረ፣ ሰው የሚያውቀው የወሎ ገዳም አበምኔት! ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ፎቶውን ፈልጊና እዪው። የናንተን የአዲስ አበባውን የስዕል ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላምም ከቤተክርስቲያን ሰዓሊዎች ቤተሰብ የወጡ ናቸው፣ ከዛ ነው ቺካጎ ሄደው የተማሩት። ስለዚህ ትልቅ ሀሳብ ጠፋኝ አትበዪ ልጄ፣ ያጠገብሽን ሰው መሳል ትንሽ ሀሳብ አይደለም።

አሁን ደግሞ ጊዜው ይገፋል። የኮሪደር ልማቱ ካዲሳባ አልፎ እኛም ጋ ደርሷል፣ መንገዱ እየሰፋ ነው አሮጌ ቤቶች እየተነሱ ነው። አዲሱን መንገድ አልጠላውም፣ ክረምት ላይ ጭቃው ስንቱን አሮጊት እንደጣለ አውቃለሁ፣ ግን ልጁ አምና የሳላት የእንጨት በረንዳ ያላት ባለ ፎቅ ቤት ዘንድሮ የለችም፣ ያቺ በረንዳ ስር ልብስ ይሰፋ የነበረው ሰውዬም ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አላገኘሁም። ያለችው እዛ ደብተር ላይ ነው፣ የስፌት መኪናው ከነመርገጫው፣ የተንጠለጠለው ሱሪ፣ ሁሉም። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ሙዚየማችን እንኳ እንዴት እንደተዘረፈ አይተናል፣ ሙዚየም ያለው እንዲህ ከጠፋ መንገድ ላይ ያለውን ማን ይይዝልናል ብዬ ነው ምጨነቀው። አንድ ልጅ ብቻውን አይችለውም።

እና ምልሽ ምን መሰለሽ፣ ክረምቱን ነይና የመመረቂያ ስራሽን እዚህ ስሪ። የደሴን መንገድና ሰዉን። ሱቁ በር ላይ በርጩማ አስቀምጥልሻለሁ፣ ከዛ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ቀስ እያልሽ ትሄጃለሽ። ልጁንም አናግሬዋለሁ፣ ደስ ነው ሚለኝ ብሏል፣ እሱ ትምህርት ቤት ገብቶ አልተማረም፣ ስለ ቀለምና ስለ ዘይት ቅብ ሊጠይቅሽ ሚፈልገው ብዙ ነገር አለ። እንጀራው እዚህ ስዕል ላይ እንዳልሆነ ግን እወቂ፣ ድሮ ታፔላ ይጽፍ ነበር፣ የባነር ማተሚያው ከመጣ በኋላ ያ ስራ ቀዘቀዘ፣ አሁን የሰርግ ፎቶ እያየ ምስል ይሰራል፣ በዛ ነው ሚኖረው። ይሄን ምነግርሽ ላስፈራሽ አይደለም፣ ስትመረቂ በምን እንደምትኖሪ ቁጭ ብለን እንድናወራበት ነው፣ እኔም ያሰብኩት አለ፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ስትመጪ ወፍራም ወረቀት ይዘሽ ነይ፣ እዚህ ያለው ስሱ 80 ግራም ወረቀት ነው፣ በክረምቱ እርጥበት ቀለሙን ይመጠዋል። ለሱም ትርፍ ያዢለት፣ ብሩን እኔ እልክልሻለሁ፣ ዋጋውን ጠይቂና ንገሪኝ። ከመነሳትሽ በፊት ደውዪና መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ፣ በማታ መኪና እንዳትሳፈሪ፣ ጣርማ በር ላይ ብርድ ስላለ ጃኬትሽን ሻንጣ ውስጥ አታስገቢው፣ ወረቀቱን ደግሞ በላስቲክ ጠቅልይው መኪና ጣራ ላይ እንዳይጭኑብሽ።

አባትሽ