ለአባባ፤ ስለ ዘንድሮው አሸንድዬ

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በላሊበላችን ልጃገረዶች ፍልሰታን ፈትተው፣ ለምለም ቅጠል ወገባቸው ላይ ታጥቀው በየደጃፉ የሚጨፍሩበት የአሸንድዬ በዓል ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው እንደመረጡዎት ሰማሁ። ሥራው ብዙ ምስጋናው ጥቂት ስለሆነ እንኳን ደስ አለዎት ለማለት ትንሽ አመነታለሁ። የላኩልኝን የመርሐ ግብር ረቂቅም አነበብኩት። ድንኳን አለ፣ መድረክ አለ፣ የድምፅ ማጉያ አለ፣ የክብር እንግዶች ንግግር አለ፣ ቲሸርትም አለ። ሳልሸፋፍን ልንገርዎት አባባ፣ ልጃገረዶቹ ግን የሉበትም። ያሉት ‹‹በየመሐሉ የባህል ጭፈራ ይቀርባል›› በምትለው አንዲት መስመር ላይ ብቻ ነው።

አሸንድዬ የሚጨፈረው በክብ ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ሁለቱ መሐል ይገባሉ። አውጪዋ የደረሰችበትን ደጃፍ፣ የባለቤቱን ጠባይና የቤቱን ሁኔታ አይታ ነው ግጥሟን የምትመርጠው። ለጋሱን ታሞግሳለች፣ ንፉጉን ትነካካለች፣ ሐዘን ያለበት ቤት ስትደርስ ከበሮውን ታስቆማለች። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ክቡ ይፈታና ወደ እንግዶቹ የዞረ ሰልፍ ይሆናል። ከኋላ የቆሙት የአውጪዋን አፍ ስለማያዩ ተቀባይነታቸው ያበቃል። ማጉያው ሲጨመርበት ደግሞ አንዲት ድምፅ ብቻ ትሰማለች፣ ጭብጨባው ይዋጣል፣ ከበሮውም ምቱን ይስታል። ሁለት ሦስት ዓመት እንዲህ ከተደረገ በኋላ ኮሚቴው ‹‹ልጆቹ አልቻሉበትም›› ብሎ የኪነት ቡድን ይቀጥራል። ስለዚህ መድረኩ የግድ ነው ካሉ ለንግግሩ ብቻ ይሁን፣ ንግግሩም ይጠር። ልጆቹ ከፊቱ ባለው ሜዳ መሬት ላይ ይጨፍሩ፣ እንግዳው በዙሪያቸው ይቁም።

ስለ ልምምዱ። ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፤ ልጆቹም እንደ ትልቅ ሰው ይጾሙታል። በጾሙ መጨፈር አያምርም፣ በባዶ ሆድ ማስጨፈርም ግፍ ነው። ስለዚህ ሐምሌ 5 የሐዋርያት ጾም ከተፈታ ጀምሮ ሐምሌ እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ይለማመዱ። ቡድኑ በሰፈር ይከፈል፤ ከ10 እስከ 15 ልጅ ለአንድ ከበሮ ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ ክቡ ይሰፋና ድምፅ ይበተናል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ከበሮ መቺና ሦስት አውጪ ይመደብ፣ በየሦስት ቤቱም ይቀያየሩ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ብቻዋን ስታወጣ ከዋለች በማግስቱ ድምፅ አይኖራትም። ሲደክማት ለብ ያለ ውሃ ይሰጣት።

ትንንሾቹ የሚሳሳቱት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። እስክስታ ስለሚያማልላቸው ገና ከበሮው ሲነሳ ትከሻና አንገታቸውን ይወረውራሉ። ቅጠሉ የታሰረው ግን ወገብ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ለስለስ ይላል፣ ከዚያ ወገብ ይንቀሳቀሳል፣ ቅጠሉም ግራና ቀኝ ሲሽረፈረፍ ራሱ ምቱን ይጠብቃል። ትከሻ የሚከተለው ምቱ ሲሞቅ ነው፣ አንገት ደግሞ መጨረሻ ላይ። ያልተፍታታ አንገት በሙሉ ኃይል ወደ ኋላ ከተወረወረ ልጅቷ ቀሪዎቹን ቀናት ፎጣ ጠምጥማ ትውላለች። ከበሮ መቺዋም ቶሎ ማፍጠን ትወዳለች፤ ‹‹ሦስት ግጥም እስኪወጣ ቀስ በይ›› ትባል።

ቅጠሉ ነሐሴ 15 ከሰዓት በኋላ ይቆረጥ። ቀደም ብሎ የተቆረጠው ጠውልጎ ይታጠፋል። ከሥሩ አይነቀል፤ ከመሬት አራት ጣት ያህል ከፍ ተደርጎ ከተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣል። ከነሥሩ ሲነቅሉት ከርመው አይደል ወንዝ ዳር የነበረው እየራቀ የሄደው! ታጥቦ ጥላ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን። ሲታሰር ቅጠሉ መሐሉ ላይ ታጥፎ በገመዱ ላይ ይወርዳል፣ ከሥሩም ይቋጠራል፤ ዝም ብሎ የተሰካ ከሆነ በሁለተኛው ደጃፍ ላይ መርገፍ ይጀምራል። እኩለ ቀን ላይ መጠውለጉ ስለማይቀር ለማግስቱ ሌላ ይዘጋጅ። እዚህ አዲስ አበባ ቄጤማ ታጥቀው የሚጨፍሩ አሉ፤ ከፕላስቲክ ቅጠል ይሻላል እንጂ ቶሎ ይሰበራል።

ክረምት ነውና ከበሮው እርጥበት ሲያገኘው ይረግባል። ፀሐይ ከጠፋ ከፍም ራቅ አድርገው ያሙቁት፣ እጅ የማይችለው ሙቀት ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። በዝናብ የራሰ ድንጋይም ያንሸራትታልና አዲስ ጫማ የገዛላት ሁሉ አሮጌውን የላስቲክ ጫማ አይጣልባት።

ስለ ኩሉ አደራ። አንድ የኩል እንጨት ለአሥር ልጅ ይዞራል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ትራኮማ የሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ብዙ ቤት ነክቷል። ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄደው በእጅ፣ በፎጣና እንዲህ ባለው እንጨት ነው። እያንዳንዷ የራሷን ስንጥር ይዛ ትምጣ፣ ላብም በራሷ ነጠላ ትጥረግ። ሹሩባው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይሠራ፤ በዋዜማው ተጎትቶ የተሠራ ራስ ያሳምማል።

ቲሸርቱ ይቅር። ገንዘቡን የሚያዋጡት እናቶች ናቸው፣ ያጣችው ደግሞ ልጇን ቤት ታስቀራለች። የጥበብ ቀሚስ የሌላት ባላት ንጹሕ ቀሚስ ትምጣ። ድሪና አልቦ ከጎረቤት የሚዋሱ ካሉ የማን እንደሆነ ደብተር ላይ ይጻፍ፤ በየዓመቱ ከበዓሉ ቀጥሎ ያለው ሳምንት በጠፋ አልቦ ክርክር ነው የሚያልፈው።

አሁን ዋናው፣ ገንዘቡ። በየደጃፉ ለልጆቹ የሚሰጠው ድሮ እህል፣ ቅቤና ዳቦ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን አብስለው ይበሉታል። ዛሬ ብር ነው፣ ይባስ ብሎም ቴሌብር። በቴሌብር የሚሰጥ ሰው የአንድ አዋቂ ቁጥር ይጠይቃል፣ ብሩም በዚያው ከልጆቹ እጅ ይወጣል። ጥሬ ብር በሙዳይ ይሰብስቡ፣ አንዷ ትያዝ፣ ሌላዋ ትጻፍ፣ ማታ ሁሉም ክብ ሠርተው ይቁጠሩት። የግድ በስልክ ከሆነ የገባው መልእክት እዚያው ለጸሐፊዋ ይነበብላት። በምን ላይ እንደሚውል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መስከረም ላይ ትምህርት ስለሚከፈት ለደብተር፣ ትልልቆቹ ደግሞ ለወር አበባ መጠበቂያ ቢመድቡት ደስ ይለኛል፤ በዚያ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ልጅ ብዙ ናት። ግን ግብዣ እናድርግበት ካሉም መብታቸው ነው።

አንድ ሊከብድዎት የሚችል ነገር ልጨምር። አሸንድዬ የወንድ ወላጆች ከዳር ቆመው ለልጃቸው ሚስት የሚመርጡበትም ነበር፤ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 አድርጎታል፤ ዓይን የሚጣልባት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ 14 ወይም 15 ናት። ይህን በማጉያ አይስበኩት፣ ልጆቹ በግጥማቸው ያስገቡት። እንዲህ ያለ ቢሆን ያምርባቸዋል፦

ጥሎሹ ይቆየኝ ደብተሬ ሳይሞላ፣
ትምህርቴን ልጨርስ ይደርሳል ከኋላ።

ሽማግሌ ፊት ይህን ሲያወጡ የሚቆጣ ከተነሳ ዝም የሚያሰኙት እርስዎ ነዎት።

ጅራፍ ይዘው የሚያጅቡ ወንድሞች ከፊትና ከኋላ ይሁኑ፣ ክቡ ውስጥ አይግቡ። ጠጅ ቤትና ሆቴል ደጃፍ ላይ ተጨፍሮ ይታለፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሁሉም ቤቷ ትግባ። በስልክ የሚቀርጽ ሰው አስቀድሞ አውጪዋን ይጠይቅ፤ ቱሪስትም ቢሆን።

‹‹የእኛ ብቻ›› የሚለውን መፈክር ከባነሩ ላይ ያስወጡልኝ። ሰቆጣ ሻደይ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ቢሉትም ልጃገረዷ ፍልሰታን ፈትታ የምትታጠቀው ለምለም ቅጠል ነው። ጦርነቱ ላሊበላ ከገባበት ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያየነው ይበቃል፤ በበዓል ስም ሌላ ጠብ አንጨምር።

ነሐሴ 16 ጠዋት ከቤተ ማርያም ተነስተው በየሰፈሩ እስከ 21 ይዙሩ፤ በዚህ ረቂቁ ልክ ነው። ከማጽደቅዎ በፊት ግን ሁለት ልጃገረዶች ኮሚቴው ውስጥ ይግቡ፣ አንዷ ከትልልቆቹ፣ አንዷ ከትንንሾቹ። ስብሰባውን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢያደርጉት ይመቻቸዋል፤ በሥራ ቀን ከጠሩዋቸው ውሃና እንጨት ይዞባቸው ይቀራሉ።

የጉልበትዎን መድኃኒት በሚመጣ ሰው እልካለሁ፤ ከምግብ በኋላ ይውሰዱት።

አክባሪ ልጅዎ
አዲስ አበባ፣ ሰኔ