አባባ፣ ከልጅ ልጅዎ ጋር የሚስማሙበት ብዙ ነው

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎንና የልጅ ልጅዎን ክርክር በስልክ ስናነሳው ወዲያው ስለሚጋጋል መጻፉ ይሻላል ብዬ ነው።

በፋሲካ ማግስት ከልጁ ጋር ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ስትከራከሩ ሰማሁ። እርስዎ «ከካርቱም በስደት መጥቼ፣ ሌሊት ታክሲ ነድቼ ቤት ገዛሁ፤ እነሱን ምን ያዛቸው?» አሉ። እሱ ደግሞ «ፖሊስ ሲያስቆመኝ አያትህ ጎንደሬ ናቸው ወይ ብሎ አይጠይቀኝም» አለ። አባባ፣ ሁለታችሁም እውነት ነው የተናገራችሁት።

ቤቱን ራሱን እናንሳ። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብዙ ሰፈሮች ሲሠሩ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚል አንቀጽ በውላቸው ተጽፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1948 ፍርድ ቤቶች ያን አንቀጽ እንዳያስፈጽሙ ከለከለ፤ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ በዘር መለየትን የከለከለው ሕግ ግን የወጣው በ1968 ነው። መንግሥትም ከ1934 ጀምሮ ለቤት ብድር ዋስ ሲሆን የጥቁሮችን ሰፈር እየዘለለ ነበር። እዚህ አገር ተራ ቤተሰብ ለልጁ የሚያወርሰው ዋናው ሀብት ቤቱ መሆኑን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ሞርጌጁን ሲፈርሙ በሩ ተከፍቶ ጠበቀዎት፤ የከፈቱት የታገሉት ናቸው። ይህ የእርስዎን ላብ በምንም አያሳንሰውም።

የመግቢያው መንገድም እንዲሁ ነው። ወደ አሜሪካ ለሚገቡ ስደተኞች በተመደበው በድሮው ኮታ ለኢትዮጵያ የተፈቀደው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ኮታውን ያስቀረው የ1965ቱ ሕግ የጸደቀው የሲቪል መብቶች ሕግ በወጣ በዓመቱ ነው።

ልጁም መስማት ያለበት አለ። እርስዎ ስለ አድዋ ሲያወሩ ከጥቁርነት የሚሸሹ ይመስለዋል። ጣሊያን በ1935 ሲወርረን ኒውዮርክ፣ ሃርለም ላይ ሰልፍ የወጡት ጥቁሮች ግን አድዋን የራሳቸው ድል አድርገው ያዩ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ከቺካጎ መጥቶ አየር ኃይላችንን መራ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ አብራሪዎችን አሠለጠነ፤ በ1954 እዚያው አዲስ አበባ አረፈ። ይህን ከእኔ ይልቅ ከእርስዎ አፍ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

ለጥቁር አሜሪካውያን ስለ ባርነቱ ይከፈል ስለሚባለው ካሳ አትስማሙም። በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለኮሌጅ ቅበላ ዘርን ማየት ሲያስቀር እርስዎ ደስ አለዎት፣ እሱ አዘነ። እዚያ ላይ እንድትስማሙ አልጠብቅም። «ሰነፎች» የሚለውን ግን ይተዉልኝ። እሱም «ዘረኛ» የሚለውን ለእርስዎ እንዳይደግመው ነግሬዋለሁ። ሁለቱም ቃላት ሰውን ያስቀይማሉ እንጂ የሚያስረዱት ነገር የለም።

ቅዳሜ ልጁን እልክልዎታለሁ። ካርቱም እንዴት እንደኖሩ ይንገሩት፤ ለእኔ የነገሩኝን ያህል እንኳ አያውቅም። የሰፈራችሁንም የድሮ ውል ከካውንቲው መዝገብ አብራችሁ ፈልጉ፤ ኮምፒውተሩን እሱ ይከፍታል። ስለ ካሳው ከዚያ በኋላ ተከራከሩ።

ልጅዎ ሰላማዊት