የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ መጀመሪያ ገምቱ

የ2017 ዓ.ም. የክበባችን ሥራ በአብዛኛው ሠርቶ ማሳያ ነበር። የግድግዳ ጋዜጣውና የጥያቄና መልስ ውድድሩ እንደ ወትሮው ቀጥለዋል፤ ስለ እነሱ ብዙ አልልም።

ዘንድሮ አንድ ሕግ አወጣን። ተመልካቹ ግምቱን ሳይናገር ማንም አቅራቢ ክብሪት አይጭርም። ልጆቹ መጀመሪያ አልጣማቸውም። ሠርቶ ማሳያ ሲባል ጭስና ፍንዳታ ነዋ የሚታያቸው! ጭብጨባውማ ደስ ይላል። አጨብጭቦ የወጣውን ተማሪ ግን "ለምን ሆነ?" ስትሉት ዝም ነው።

የጣሳውን ላንሳ። ባዶ የለስላሳ ጣሳ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ውሃ ይጨመርና ቡታጋዝ ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በደንብ መውጣት ሲጀምር ጣሳው በፒንሳ ተይዞ ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ በአፉ ይደፋል። ከመደፋቱ በፊት 9ኛ ክፍሎች እጅ አወጡ። አብዛኞቹ "ይፈነዳል" አሉ። ጣሳው ጧ ብሎ ጭምድድ! ጫጫታው ሲበርድ አንዷ ተነስታ "ቀዝቃዛው ውሃ ነው የጨመደደው" አለች። አቅራቢው መልስ አልሰጣትም። ሌላ ጣሳ አሙቆ፣ አፉን ወደ ላይ እንዳደረገ ሳፋው ውስጥ ነከረው። ምንም አልሆነም። ክርክሩ የጦፈው ያኔ ነው። በመጨረሻ ራሳቸው ደረሱበት፦ ጣሳው ሲደፋ እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፣ ቦታውን የሚሞላ አየር መግቢያ ያጣል፣ የውጭው አየር ይጨፈልቀዋል። አፉ ክፍት ከሆነ ግን አየር ይገባል።

ሌላ ቀን አንድ ልጅ የፈላ ውሃ ሲለካ ቴርሞሜትሩ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆመበት። መጽሐፉ 100 ይላል። "ተበላሽቷል" ብሎ ሌላ አመጣ፤ ያው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች። የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃው 100 ሳይደርስ ይፈላል። (ባቄላ ከድሬዳዋ ይልቅ እዚህ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።)

ሙከራው ሁሉ ቀድሞ እዚያው በሚታይበት ክፍል ውስጥ ይለመዳል። አንድ አባል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ "አይታየኝም" ማለት ሥራው ነው። የቀይ ጥቅል ጎመኑ ውሃ በሎሚ ሲቀላ፣ በሳሙና ዱቄት ሲያረነጉድ ከኋላ የታየው ከብርጭቆው ጀርባ ነጭ ወረቀት ካቆምን በኋላ ነው። እሳት ካለ መነጽርና የአሸዋ ባልዲ ግድ ነው።

ክረምቱን ባዶ ጣሳ የምታገኙ አትጣሉብን። ያልተጨማደደውን ብቻ ግን።