ራንቹ ሲሸጥ ምንጩ ለማን ይቀራል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በጋዜጣችሁ የወጣ አንድ ማስታወቂያ ቆርጬ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጫለሁ። «በሐረርጌ ደጋ የሚገኝ ሰፊ የከብት እርባታና የመዝናኛ ራንች ለሽያጭ ቀርቧል» ይላል። ዙሪያው የታጠረ ነው፤ በረት፣ የመኖ መጋዘንና ለእንግዳ ማረፊያ የሚሆኑ ጎጆዎች አሉት፤ ክረምት ከበጋ የማይደርቅ የራሱ ምንጭ አለው፤ ከአስፋልት ሩቅ አይደለም፤ ዋጋው በድርድር ነው። ከሥሩ የደላላው ስልክ ተጽፏል። በቃ።

እኔ ሐረር የምኖር፣ በምሥራቅ ሐረርጌ ወረዳዎች በእንስሳት ጤና ረዳትነት 28 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ጠፋ ተብሎ የታወጀውን የደስታ በሽታ ለማጥፋት ክትባት ይዘን በእግር በምንዞርበት ዘመን፣ ከብቱ ባንድነት የሚገኘው ውሃ ላይ ስለነበር መርፌውን የምንወጋው ምንጭ ዳር ነበር። የዚህን ደጋ ምንጮች ያወቅኋቸው በዚያ ሥራ ነው። በክትባት ቀን ከአራትና ከአምስት መንደር የሚነዳውን ከብት አንድ ምንጭ ላይ ቆሜ ቆጥሬአለሁ። ስለዚህ «የራሱ ምንጭ ያለው» የሚል ማስታወቂያ ሳነብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የዋጋው ነገር አይደለም። ያ ሁሉ ከብት አሁን የት ነው የሚጠጣው?

ሻጩን አላውቃቸውም፤ ልወቅሳቸውም አልጻፍኩም። በደጋ ላይ በረት ሠርቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ከብት ያረባ ሰው ልፋቱን ሸጦ ቢወጣ መብቱ ነው። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የሚሸጠው ምን እንደሆነ ማስታወቂያው ይናገር።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት የሕዝብ ካደረገበት ጊዜ ጀምሮ በዚህ አገር መሬት አይሸጥም። ደርግ ወድቆ ሌላ መንግሥት ሲመጣም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ያንኑ አጸና፤ መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ የጋራ ንብረት ነው አለ። ይኸው አንቀጽ ወረድ ብሎ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ መሬት ላይ የገነባውና ያሻሻለው ነገር የራሱ እንደሆነ፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰውም እንደሚችል ይደነግጋል። ባለሀብት ደግሞ መሬቱን በክፍያ ይዞ ይጠቀምበታል። እንግዲህ «ራንች ይሸጣል» ሲባል የሚሸጠው በረቱ፣ አጥሩ፣ ጎጆው፣ የተተከለው ዛፍና ከብቱ ነው። መሬቱ በውል የተያዘ ነው። ከውሉ የሚቀረው ዘመን 20 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ 3 ዓመትም ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው።

ይህን የምለው በአጎቴ ልጅ ላይ የደረሰውን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ለብዙ ዓመታት ነግዶ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ፣ ከደንገጎ ዳገት በላይ ከብት ማድለቢያ ገዛ። እሱም ያየው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ነበር። ደላላው አዙሮ አሳየው፤ ሣሩ ለምልሟል፣ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፣ የድሬዳዋን ሙቀት ለለመደ ሰው ገነት ነው። ገንዘቡን ከፈለ። ወረቀቱን አስመርምሮ ቢሆን ኖሮ የሻጩ ውል ሊያልቅ ትንሽ ዓመት እንደቀረው፣ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድም ለሌላ ማስተላለፍ እንደማይቻል ያውቅ ነበር። ይህን ያወቀው ከብቱን ካስገባ በኋላ ነው።

ከወረቀቱ የባሰው ውሃው ሆነ። ምንጩ ከአጥሩ ውስጥ ነበር፤ የቀድሞው ሰው ግን በር ትቶ፣ በጠዋትና በማታ የመንደሩን ከብትና እንስራ የተሸከሙትን ሴቶች ያሳልፍ ነበር። ይህን ለአጎቴ ልጅ የነገረው አልነበረም። እሱ ገዛሁ ብሎ በሩን ዘጋ። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት አጥሩ ተቆረጠ። ዘበኛ ጨመረ፤ እንደገና ተቆረጠ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኔም የአካባቢውን ሰው ስለማውቅ ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። አንድ አባት ያሉትን አልረሳውም። «ልጄ፣ አጥሩን አንተ አጥረኸዋል፤ ውሃውን ግን አንተ አላፈለቅኸውም» አሉት። ቃላቸው ቁጣ አልነበረበትም። በሩ ተከፈተ፤ ጠቡም ያን ቀን በረደ። የአጎቴ ልጅ ሂሳብ ግን የተሠራው ውሃውም ሣሩም የብቻው ነው ተብሎ ስለነበር ዓመት ሳይሞላው ከብቱን በርካሽ ሸጦ ወጣ። ዛሬም ስለዚያ ቦታ ሲነሳ ይከፋዋል፤ የመንደሩም ሰው ያዝንበታል። ሁለቱም ወገን በማያውቀው ነገር ተጣላ። አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ አንዱም ባልሆነ ነበር።

ልጄ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ዴንቨር ትኖራለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ናት፤ የእኛዋ ሐረር ትበልጣታለች። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባሉት የሮኪ ተራሮች ደጋ ላይ ሰፋፊ የከብት ራንቾች አሉ፤ የማደኛና የፈረስ መጋለቢያ ጭምር ሆነው ለሽያጭ ይቀርባሉ። እዚያ መሬት እንደ ማንኛውም ዕቃ ይሸጣል። የእኛን ማስታወቂያ በስልክ ሳነብላት፣ የእነሱ እንዴት እንደሚጻፍ ፈልጋ በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ፤ እኔም ብዙ ነገር ጠየቅኋት።

በስም የተያዘው መሬት ለብቻው ይጻፋል። ከመንግሥት በግጦሽ ፈቃድ የተያዘው ለብቻው ይጻፋል፤ ፈቃዱም ብዙውን ጊዜ የ10 ዓመት ነው፣ ስንት ከብት ለስንት ወር እንደሚያስግጥ የተወሰነ ነው። ከመሬቱ ሥር ያለው ማዕድን ከላዩ ተነጥሎ የሌላ ሰው ሊሆን ስለሚችል ገዢ እሱንም ይጠይቃል። ውሃው ደግሞ ዋናው ነው። በኮሎራዶ በ1876 በፈረንጆች አቆጣጠር ከወጣው ሕገ መንግሥታቸው ጀምሮ ውሃውን ቀድሞ በሥራ ላይ ያዋለ ሰው ይቀድማል፤ በድርቅ ዓመት በኋላ የመጣው ቦዩን ዘግቶ የቀደመው እስኪጠጣ ይጠብቃል። ስለዚህ ራንች የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የውሃው መብት ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደሚቆጠር ነው። መሬት በሚሸጥበት አገር ይህን ያህል ከተነገረ፣ መሬት በማይሸጥበት በእኛ አገር ምንም አለመነገሩ አሳዝኖኛል። የእነሱን ሕግ እንውሰድ ማለቴ አይደለም። ቀድሞ የመጣ ብቻውን ይጠጣ የሚለው ለእኛ ደጋ አይሆንም፤ እዚህ ምንጭ የመንደር ነው።

የውሃን ነገር ለሐረር ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሐረማያ ሐይቅን እያየን አድገናል፤ የከተማችን ውሃ ከእሱ ይመጣ ነበር። ከዳር እስከ ዳር በሞተር እየተሳበ ለጫትና ለአትክልት ሲጠጣ፣ ከተራቆተው ጋራ የሚታጠበው አፈር ሲሞላው፣ በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ጀልባ የነበረበት ላይ ከብት ሲግጥ አይቻለሁ። ከዓመታት በኋላ ውሃው መመለሱ ደስ አሰኝቶኛል፤ ሐረር ግን ሐይቁ ከደረቀ ወዲህ ከድሬዳዋ ቆላ በሚቆፈር ጉድጓድ፣ ሽቅብ በፓምፕ በሚገፋ ውሃ ላይ ወድቃለች። ደጋ ተቀምጠን ከቆላ ውሃ እንለምናለን። እንዲህ ባለ አገር ምንጭን እንደ በረትና እንደ መጋዘን በዕቃ ዝርዝር ውስጥ ጽፎ መሸጥ ከባድ ነገር ነው።

ማስታወቂያው «ለታዋቂው የሐረር ሰንጋ ተስማሚ» የሚል ቃልም አለበት። ስለዚህ ነገር ጥቂት ልናገር፤ የሕይወቴ ሥራ ነውና።

የሐረር ሰንጋ የሚደልበው በደሳሳ ጎጆ ደጅ ነው። ሥጋውን አዲስ አበባ ድረስ የሚያስወድደው ስብና ለስላሳነት የሚመጣው ግማሽ ሄክታር እንኳ ከሌለው ገበሬ ቤት ነው። ገበሬው ወይፈኑን ከቆላ፣ ከባቢሌና ከጅጅጋ በኩል ከሚመጣው ከብት ይገዛል። ጥቂት ዓመት ያርስበታል። ከዚያ ከቀንበር ያወጣውና ደጁ ላይ ያስረዋል። ሰንጋው ወደ ሣር አይሄድም፤ ሣሩ ወደ እሱ ይመጣል። ማሽላው ሲበቅል ከማሳው እየተነቀለ የሚሳሳውን ቡቃያ ይበላል፤ ቆየት ሲል ከበቆሎው አገዳ ላይ የሚለቀመውን ቅጠል፣ ከእርከኑ ላይ የሚታጨደውን ሣር፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ በበጋ የተከመረውን አገዳ ይበላል። ከጫት የሚተርፈው ገራባ እንኳ አይጣልም። ውሃውን ሴቶቹና ልጆቹ ተሸክመው ያጠጡታል። የቤቱ ሰው ሁሉ ጠባዩን ያውቃል፤ ሲያመው ከእኔ ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ነበሩ። አንዲት እናት «ዛሬ ጆሮውን አላነሳም» ብለው ሁለት ሰዓት በእግር መጥተው ጠርተውኛል፤ ትኩሳት ነበረበት።

ይህን ያነሳሁት ገዢው እንዲያውቅ ነው። ደጋ ላይ ሰፊ ግጦሽ ማጠር ብቻውን ሰንጋ አያወጣም። መቶ ከብት ለማድለብ የሚያስፈልገው አገዳና ቡቃያ የሚገኘው ከጎረቤት ማሳ ነው፤ የአመጋገቡ ዕውቀትም ከጎረቤት ነው። ከብት ከየቆላው ተሰብስቦ በአንድ በረት ሲታጎር አፍተግርን የመሰለ ተላላፊ በሽታ ቢነሳ የሚዛመተው ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤትም ወደ በረቱ ነው። ስለዚህ ለደጋ ራንች ጎረቤቱ ከአጥሩ ይበልጥበታል። ምንጩን ዘግቶ ከሰዉ የተጣላ ባለ ራንች መኖውን ከማን ሊገዛ ነው?

የመዝናኛውን ሐሳብ በበጎ አየዋለሁ። ጀጎልን ሊያይ የመጣ እንግዳ ጅቡ ሲበላ አይቶ፣ አንድ ሌሊት አድሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ወደ ደጋው ወጥቶ ሁለት ቀን የሚያርፍበት፣ ወተት የሚጠጣበት፣ ፈረስ የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር ለአካባቢው ወጣት ሥራ ነው። ቁንዱዶ ተራራ አናት ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች አሉ፤ ጋራ ሙለታ ከ3,000 ሜትር በላይ ቆሞ ይታያል። ይህን የመሰለ አገር ሰው ሊያየው ይገባል። የሚያስፈራኝ የደጋው ውበት በየአጥሩ ተከፋፍሎ፣ የተወለዱበት ልጆች ከሽቦ ውጪ ቆመው የሚያዩት እንዳይሆን ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ ማስታወቂያ ሲቀበል የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ መኖሩን መጠየቁ የተለመደ ነው ብዬ አስባለሁ። ለእንዲህ ያለው ሰፊ ይዞታም የመሬቱ ውል መቼ እንደሚያልቅ፣ ለሌላ ማስተላለፉ የተፈቀደ መሆኑን፣ ምንጩንና የከብቱን መንገድ ከሻጩ ሌላ ማን እንደሚጠቀምበት ቢጠየቅ ለገዢም ለመንደሩም ትልቅ ውለታ ነው። የቀበሌው ሽማግሌዎች ይህን በአንድ ጠዋት ይናገራሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ብቻ ነው የጠፋው።

ትናንት ደላላውን ደወልኩለት። በትሕትና አነጋገረኝ። ምንጩ ከአጥሩ ውስጥ ነው ወይስ ውጪ ብዬ ብጠይቀው «ውስጥ ነው አባቴ፣ ማንም አይደርስበትም» አለኝ። ደስ እንዲለኝ ብሎ ነው የነገረኝ። አመስግኜ ዘጋሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማስታወቂያው እንደገና ከወጣ፣ ከውሉ ስንት ዓመት እንደቀረና ከምንጩ ማን እንደሚጠጣ የሚናገር ሁለት መስመር እንዲጨመርበት እለምናለሁ። የሁለቱ መስመር ክፍያ ሻጩን ካስቸገራቸው እኔ ከጡረታዬ እከፍላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የእንስሳት ጤና ረዳት፣ ከሐረር