ፊት የሌለው በዳይ

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እናቴስ፣ እህቶቼና ወንድሞቼስ እንደምን አሉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር «ድምፅህ ልክ አይደለም» ብለውኝ ነበር። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ዋሽቼዎታለሁ። እንቅልፍ ስለነሣኝ ይኸው እውነቱን እጽፍልዎታለሁ።

በምሠራበት መጋዘን ሁላችንም እጃችን ላይ የምናስረው ትንሽ መሣሪያ አለ። ከመደርደሪያ ዕቃ አንሥተን ማሽኑ ላይ እስክናደርስ ያለውን ጊዜ በሰከንድ ይቆጥራል፤ ከዘገየን ክንዳችንን ይነዝረናል። ይህን ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላ ነው። ዕቃ የሚያመላልሰው ማሽን ጎኑ ላይ እጅ እንዳይገባ የሚከላከል የብረት መከለያ ነበረው። ለጥገና ተብሎ ተነቀለና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይመለስ ቀረ። ሁለት ጊዜ በኮምፒውተር ቅሬታ አስገባሁ። ሁለቱንም ጊዜ በዚያው ደቂቃ «መልእክትዎ ደርሶናል፤ ለደኅንነትዎ እንተጋለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ መጣልኝ። ሰው እንዳላነበበው የገባኝ አብራኝ የምትሠራው ሴት እጇን ማሽኑ የያዛት ዕለት ነው። ጓንት አድርጋ ነበር። ጓንቱን ከማሽኑ ሥር ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ባዶ አልነበረም።

ማሽኑ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሥራውን ቀጠለ። እጄ ላይ ያለው መሣሪያ ያንን ሃያ ደቂቃ እንደ መዘግየት ቆጥሮ መዝግቦብኛል።

እርስዎ ልጅ ሳለን «የበደለህን ሰው ፊቱን እያየህ ንገረው» ይሉን ነበር። እኔም ሄድኩ። የቅርብ አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲያናግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ግን ማሽኑ የእርሱ ኃላፊነት አይደለም። ጥገናው ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ተሰጥቷል። ሕንጻው የሦስተኛ ድርጅት ነው። እርሷን የቀጠራት ደግሞ አራተኛ፣ ሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት ነው። ስሙ ከበሩ ላይ በትልቁ የተጻፈው ኩባንያ በወረቀት ሲታይ አያውቃትም። አንዲት ሴት፣ አንድ እጅ፣ አራት ኩባንያ፤ አንዱም «እኔ ነኝ» አላለም። ሳምንት ሳይሞላ ግን «ጓንት ሳላደርግ ስሠራ» የሚል ወረቀት ፈርሚ ተብላ ሆስፒታል ድረስ መጣላት።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባል የለም? ንጉሡ እንኳ አንድ ሰው ነበር፤ ፊት ነበረው፤ ያረጃል፤ ይሞታል። ኩባንያ በሕግ ፊት እንደ ሰው ይቆጠራል፤ ንብረት ያፈራል፤ ይከሳል፤ ግን አይታሰርም፤ ኀፍረትም አያውቅም።

ይህ የእኔ መጋዘን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አይረሱትም፤ 157 ነፍስ። ከዚያ ከአራት ወር ተኩል ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያ ያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ቦይንግ የገጠመው ሶፍትዌር ከአንድ ዳሳሽ በሚያገኘው መረጃ ብቻ ተመርቶ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይገፋ ነበር፤ ከመጀመሪያው አደጋ በፊት የአብራሪዎቹ መመሪያ ስለ እርሱ አይናገርም ነበር። በ2021 ኩባንያው ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማና ክሱ እንዲቆይ ተደረገ። በወንጀል ለፍርድ የቀረበው አንድ የቀድሞ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እርሱም በ2022 በነጻ ተሰናበተ። 346 ሰው ሞቶ ወህኒ የወረደ አንድ ሰው የለም። ብሩ ብዙ ነው ይሉኛል። አባቴ፣ ገንዘብ ሲከፈል ማን ነው አንገቱን የደፋው?

ከሁሉ ሆዴን የሚያባባኝ ግን የባንግላዴሹ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንጻ ከመደርመሱ በፊት በነበረው ቀን ግድግዳው ተሰንጥቆ ታይቷል። በታችኞቹ ፎቆች የነበሩት ባንክና ሱቆች ዘጉ። ልብስ ሰፊዎቹ ግን ግቡ ተባሉ፤ ከቀሩ ደመወዛቸው እንደሚያዝ ተነገራቸው። ገቡ፤ ከ1,100 በላይ ሞቱ። ድሮ ይህን ስሰማ «ስንጥቁን እያዩ እንዴት ይገባሉ?» እል ነበር። አሁን አልልም። እኔም መከለያ የሌለውን ማሽን እያየሁ ሦስት ሳምንት ገብቻለሁ። ደመወዜ ሲደርስ ለእናንተ የማደርገውን እያሰብኩ ነበር የምገባው።

ኩባንያ ሁሉ ክፉ ነው አልልዎትም። እናቴ የምትውጠውን መድኃኒት የሚሠራው ኩባንያ ነው፤ እኔንም ቀጥሮ ያበላኝ ኩባንያ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሊሉኝ ይችላሉ። ነገር ግን ያበላኝ በእጄ ሥራ ነው፤ ዕዳ የለብኝም።

ከዚያ ከባንግላዴሹ እልቂት በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት ከ200 በላይ የልብስ ኩባንያዎችን በሕግ የሚያስገድድ የደኅንነት ስምምነት አስፈርመዋል። ገለልተኛ መሐንዲሶች ፋብሪካዎቹን እየዞሩ መረመሩ፤ ጉድለት የተገኘባቸው ብዙዎቹ ተጠገኑ፣ አንዳንዶቹም ተዘጉ። ኩባንያዎቹን ለፊርማ ያበቃቸው ሠራተኛው አንድ ላይ መቆሙ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርዎት። ስቀጠር የፈረምኩት ውል ከአርባ ገጽ ይበልጣል፤ አላነበብኩትም። ውስጡ «ከኩባንያው ጋር ክርክር ቢነሣ ፍርድ ቤት አልሄድም» የሚል አንቀጽ አለ። ማሽኑ እጇን የያዛት ሴትም ፈርማለች። ጉዳዩን የሚያየው በዝግ የሚሰየም የግልግል ዳኛ ነው፤ ጠበቃዋ ግን ምስክር ካለ ተስፋ አለው ብላለች። ከአምስታችን ጋር ተነጋግራ ሦስቱ ይቅርብን አሉ። አልፈርድባቸውም፤ ልጆች አሏቸው። እኔና አንድ ሌላ ሰው ምስክር ለመሆን ፈረምን። ጓንቱን ያነሣሁት እኔ መሆኔን፣ ቅሬታ ያስገባሁባቸውንም ቀኖች ጽፌ ሰጠሁ።

ከፈረምኩ ወዲህ የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ተቀንሷል። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ሥርዓቱ ነው የደለደለው» ተባልኩ። ሊያሰናብቱኝም ይችላሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ወር የምልክልዎ ገንዘብ ያንሳል፤ ከዚያ በኋላ ላይኖርም ይችላል። የታናሽ ወንድሜ የትምህርት ክፍያ እንዳይስተጓጎል ያጠራቀምኳትን አስቀድሜ ልኬያለሁ።

ቅር ካሰኘሁዎት ይንገሩኝ፤ ፊርማዬን ግን አላነሣም። እናቴን በእኔ ስም ይሳሙልኝ። ስለ ሥራዬ ይንገሯት፤ ስለ ጓንቱ ግን አይንገሯት።

አክባሪ ልጅዎ